ጉማሬው ለምን ቀይ ሆነ?
(በባሕር ዳር በተዘጋጀ የሥዕል ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሥነ ጥበብ ወዳጆች፤

ከመግቢያው ፊት ለፊት የተሰቀለውን ትልቅ ሥዕል ያዩ እንግዶች «ጉማሬ እንዴት ቀይ ይሆናል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነውና የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያደገ ሰው ጉማሬን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። እንስሳው ቀኑን ውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ጎሕ ሳይቀድ በደንገል ታንኳ ለዓሣ የወጣ ሰው ያንን ከባድ ትንፋሽ ከአጠገቡ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እናንተ ታውቃላችሁ። ሠዓሊያችን የሣለው ይህንኑ ድንጋጤ ነው፤ ስለዚህም ሐይቁ አዘንብሏል፣ ደንገሉም እንደ ጦር ሾሏል።

እንዲህ ያለው አሣሣል ኤክስፕሬሽኒዝም ይባላል፤ የዓይንን ምስክርነት ለስሜት ያስገዛ አሣሣል ነው። ጀርመናዊው ፍራንዝ ማርክ በ1911 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረስን ሰማያዊ አድርጎ የሣለው፣ እንስሳው ራሱ ዓለምን እንዴት ያያት ይሆን ብሎ ስለጠየቀ ነው፤ ይህን የጠየቀ ሰው በ1916 በፈረንሳይ ቬርደን አቅራቢያ በጦርነት መሞቱ ዛሬም ያሳዝነኛል። በእኛም አገር ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የዚህን አሣሣል ኃይል ይዞልን መጥቷል።

ቀዩ ቀለም ግን ከተፈጥሮም አልራቀም። የጉማሬ ቆዳ የሚያመነጨው ፈሳሽ መጀመሪያ ቀለም የለውም፤ ጥቂት ቆይቶ ደም መስሎ ይቀላል፣ ከፀሐይም ይከላከልለታል። ሠዓሊው ይህን ባያውቅ እንኳ ቀለሙን እደግፈው ነበር፤ ፍርሃት ግራጫ አይደለምና።

ከሁሉም በላይ የነካኝ ዓይኑ ነው። በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲያዩን፣ ክፉዎች በጎን ገጽታ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የሚያስፈራንን፣ አንዳንዴም ሰብላችንን የሚያጠፋውን ይህን አውሬ ሠዓሊው በሁለት ዓይኖቹ ወደ እኛ እንዲያይ አደረገው። እኔ ይህን እንደ ፍርድ አየዋለሁ፤ አስፈሪ ነው፣ ክፉ ግን አይደለም።

ደንገሉንም ተመልከቱ። በግራው ጠርዝ ቀጭን ሆኖ ቀርቷል፤ የቀረው ዳርቻ የታረሰ መሬት ነው። ጉማሬው የቆመው በሁለቱ መካከል ነውና፣ ስትገቡ መጀመሪያ ከዚያ ጠርዝ ቆማችሁ እንድታዩት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።