በያሁ ቆዳ የተሰፋች ጀልባ፦ «የጉሊቨር ጉዞዎች»ን በድኅረ ቅኝ አገዛዝ ዓይን ስለማንበብ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎችና የመጻሕፍት ወዳጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ከመጽሐፉ በፊት ስለ እትሙ ልናገር፤ የብዙ ሰው ንባብ የሚበላሸው እዚያ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጆናታን ስዊፍት የጻፈው «የጉሊቨር ጉዞዎች» አራት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ እንግሊዛዊው መርከበኛ ጉሊቨር ወደማይታወቅ አገር ይደርሳል። ለልጆች ተብሎ የሚታተመው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይይዛል፤ ቁመታቸው ስንዝር የማይሞላውን የሊሊፑት ሰዎችና ግዙፎቹን የብሮብዲንግናግ ሰዎች። ስለ ቅኝ ግዛት አፍ አውጥተው የሚናገሩት ምዕራፎች ያሉት በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል ነው። ሙሉ የሚባለውም እትም አንድ ነገር ሊጎድለው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ክፍል 3፣ ምዕራፍ 3ን ግለጡ። ሊንዳሊኖ የምትባል ከተማ ስታምፅ ካላገኛችሁ፣ የያዛችሁት ጎዶሎ ነው።

ጎዶሎ የሆነበት ምክንያት ራሱ ትምህርት አለው። የለንደኑ አሳታሚ ቤንጃሚን ሞት (Motte) በጥቅምት 1726 መጽሐፉን ሲያወጣ፣ መንግሥትን ፈርቶ አንዳንዱ ቦታ እንዲለዝብ አድርጓል። የደብሊኑ ጆርጅ ፎክነር በ1735 ብዙውን መልሶታል። የሊንዳሊኖን ታሪክ ግን እሱም አላተመውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የታየው በ1899 ነው፣ ከመጀመሪያው እትም 173 ዓመት ቆይቶ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ላፑታ ወርዷ 7,837 ያርድ የሆነ፣ በማግኔት ኃይል የምትንሳፈፍ ክብ ደሴት ናት። ንጉሡ ከላይ ይኖራል፤ ከታች ያለው የባልኒባርቢ ሕዝብ ይገብርለታል። ከተማ ሲያምፅበት ደሴቲቱን አናቷ ላይ አቁሞ ፀሐይና ዝናብ ይከለክላታል። አሁንም አሻፈረኝ ካለች ከላይ ድንጋይ ያወርድባታል። የመጨረሻው ቅጣት ደሴቲቱን ራሷን ጥሎ ከተማዋን መጨፍለቅ ነው። ሊንዳሊኖዎች በከተማቸው አራት ማዕዘን አራት ግንብ ሠሩና ጫፋቸው ላይ ትልልቅ ማግኔት አቆሙ፤ ያ ባይሠራ የደሴቲቱን ወለል በእሳት ለመሰንጠቅ ብዙ ማገዶ አከማቹ። ንጉሡ ማግኔቱ ደሴቱን ቁልቁል እንደሚስባት ሲረዳ የጠየቁትን ሰጣቸው። የከተማዋን ስም ልብ በሉ፦ «ሊን» የሚለው ድምፅ ሁለት ጊዜ አለበት። በእንግሊዝኛ ሁለት እጥፍ «ደብል» ነው። ደብል ሊን፣ ደብሊን።

የለንደን ፓርላማ በ1720 ለአየርላንድ በቀጥታ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው ደነገገ። በ1722 ዊልያም ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም እንዲሠራ ፈቃድ ሲያገኝ የአየርላንድን ፓርላማ የጠየቀ አልነበረም። ስዊፍት በ1724 የጨርቅ ነጋዴ መስሎ፣ ሳንቲሙን አትቀበሉ የሚሉ ደብዳቤዎች ማሳተም ጀመረ። መንግሥት ጸሐፊውን ለሚጠቁም 300 ፓውንድ ሽልማት አወጣ፤ ጠቋሚ አልተገኘም። በ1725 ፈቃዱ ተሰረዘ። ጉሊቨር የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ቆሞ ስዊፍትን የነፃነት ታጋይ ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ግን አያስኬድም። ስዊፍት በ1667 ደብሊን ውስጥ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደ፤ ከ1713 ጀምሮ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ ነበር። ፕሮቴስታንት ነው፤ መሬቱንና ሹመቱን ይዞ ብዙኃኑን ካቶሊክ ከሚገዛው ወገን ነው። የአየርላንድ ቋንቋ ቢጠፋ አገር ይጠቀማል ብሎ የጻፈም ሰው ነው። ለንደን የተጫነችው፣ እሱም በበኩሉ ሌላ ሕዝብ የተጫነ። የድኅረ ቅኝ አገዛዝ ንባብ፣ ማለትም ጽሑፍን በገዢና በተገዢ ግንኙነት በኩል የሚመረምር ንባብ፣ መጽሐፉን የሚይዘው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ያመረረው ቅሬታና የለመደው የበላይነት በአንድ ብዕር ሲወጡ።

አሠራሩን ልግለጽ። አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በአንደኛው «ማን ያያል፣ ማን ይታያል»፣ በሁለተኛው «ማን ስም ያወጣል»፣ በሦስተኛው «አፍ ያልተሰጠው ማን ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በየምዕራፉ ሙሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከሐያሲው ኤድዋርድ ሳዒድ ይመጣል፤ በ1978 ባሳተመው «ኦሪየንታሊዝም» ስለ ሌላው ሕዝብ «ማወቅ» ራሱ የመግዛት አንድ አካል እንደሆነ አሳይቷል። ሦስተኛው የሐያሲዋ የጋያትሪ ስፒቫክ የ1988 ጥያቄ ነው፦ ከታች ያለው መናገር ይችላል ወይ? ሁለተኛው ለዚህ መጽሐፍ የግድ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ አሁን እናያለን።

ክፍል 1፣ ምዕራፍ 2። ሁለት የሊሊፑት ሹማምንት የጉሊቨርን ኪስ ፈትሸው ለንጉሣቸው ዝርዝር ያቀርባሉ። መሐረቡ ለቤተ መንግሥቱ ትልቅ አዳራሽ ምንጣፍ የሚበቃ ሸካራ ጨርቅ ሆኖ ተመዘገበ። የሱረት ዕቃው ውስጥ አንዱ ሹም ቢገባ ዱቄቱ እስከ ቅልጥሙ ዋጠው፤ ብናኙ ሁለቱንም አስነጠሳቸው። ከዚያ ሰዓቱን አወጡ፦ ግማሹ ብር፣ ግማሹ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ውኃ ወፍጮ ሳያቋርጥ የሚጮህ ነገር። ያልታወቀ እንስሳ ወይም የሚያመልከው አምላክ ነው አሉ፤ ደግሞም ወደ አምላክነቱ ያደላሉ፣ ሰውየው እሱን ሳያማክር የሚያደርገው ነገር እምብዛም የለምና።

ይህ የተጓዦች መጽሐፍ ቋንቋ ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ዊልያም ዳምፒየር በ1697 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የአውስትራሊያን ሰዎች በዓለም ላይ ከሁሉ የከፉ ምስኪኖች ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጉሊቨርም ዳምፒየርን «የአጎቴ ልጅ» ይለዋል። ስዊፍት ያንኑ ቋንቋ፣ ያንኑ የእርግጠኝነት ድምፅ ወስዶ እንግሊዛዊው ኪስ ላይ አዞረው። ሹማምንቱ ሞኞች አይደሉም፤ ልኬታቸው ትክክል ነው፣ ምክንያታቸውም ይያያዛል። የተሳሳቱት ሁሉን በራሳቸው ዓለም ስለሚተረጉሙ ነው። ተማሪዎች ይህን ገጽ እንደ ቀልድ ብቻ አይተው ሲያልፉት የመጽሐፉ ቁልፍ ከእጃቸው ይወድቃል።

ሁለተኛውን ዓምድ እንሙላ። ሊሊፑቶች «ኩዊንበስ ፍሌስትሪን»፣ ተራራው ሰውዬ፣ አሉት። በብሮብዲንግናግ አንዲት ልጅ «ግሪልድሪግ» አለችው፤ አባቷ በገበያ ቀን አስራ ሁለት ጊዜ ለተመልካች አቅርቦ ገንዘብ ሰበሰበበት። ሳራ ባርትማን ከደቡብ አፍሪካ ተወስዳ ለንደን ላይ ለተመልካች የቀረበችው በ1810 ነው፤ ስዊፍት የጻፈው ከዚያ 84 ዓመት ቀድሞ ነው። በአራተኛው ክፍል፣ አስተዋይ ፈረሶች በሚገዙት አገር፣ ደግሞ ስሙ «ያሁ» ነው፤ ፈረሶቹ የሰው መልክ ያላቸውን አውሬዎች የሚጠሩበት ስም። በየአገሩ ስም የሚወጣለት፣ የአገሩን ቋንቋ ከባዶ የሚማረው እንግሊዛዊው ነው።

ስሙ ለምን ከባድ እንደሆነ የሚገባን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። ጉሊቨር ያገኛቸውን አገሮች ለንጉሡ ለምን እንዳላስያዘ ሲጠየቅ፣ ቅኝ ግዛት እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። የባሕር ወንበዴዎችን ማዕበል ወደማያውቁት ዳርቻ ይነዳቸዋል። ለዝርፊያ ይወርዳሉ፤ የዋህ ሕዝብ በደግነት ይቀበላቸዋል። ለአገሩ አዲስ ስም ያወጡለታል፤ የበሰበሰ ሳንቃ ወይም ድንጋይ ተክለው በንጉሣቸው ስም ይይዙታል። ሁለት ሦስት ደርዘን ሰው ይገድላሉ፤ አንድ ሁለቱን ለናሙና አስረው ይወስዳሉ፤ አገራቸው ገብተው ምሕረት ያገኛሉ። ከዚያ መርከቦች ይላካሉ፤ ሕዝቡ ይባረራል ወይም ይፈጃል፤ መሳፍንቱ ወርቁን እንዲያሳዩ ይሰቃያሉ። ይህ ሁሉ አረመኔን ለማሠልጠን የተላከ ሠፈራ ይባላል። ስም ማውጣት ከግድያው ቀድሞ እንደተቀመጠ ልብ በሉ።

ብዙ ድርሰት እዚህ አንቀጽ ላይ ጥቅስ ይከፍትና እዚያው ይዘጋል። ስሕተቱ ያ ነው። ሳዒድ በ1993 «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» ውስጥ ሁለት ዜማ አብሮ ሲፈስ አንዱን ሳይለቁ ሌላውን እንደመስማት ያለ ንባብ አስተምሯል፤ ጽሑፉ የሚለውን እየሰሙ የተወውንም መከታተል። በዚያው ምዕራፍ ጉሊቨር እነዚያ አገሮች ወርቅ፣ ብር፣ ስኳርና ትምባሆ እንደማይበዛባቸው ይናገራል። በክፍል 4 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መርከበኞች ሲሞቱበት ከባርቤዶስና ከአካባቢው ደሴቶች ሌሎች ይቀጥራል። ባርቤዶስ የስኳር ደሴት ናት፤ አገዳውን የሚቆርጡት በባርነት የተጫኑ አፍሪካውያን ናቸው። ስለነሱ እዚያ ቦታ አንድ ቃል የለም። በ1713 በዩትሬክት ሰላም እንግሊዝ ለስፔን ቅኝ ግዛቶች በዓመት 4,800 ባሪያ ለ30 ዓመት የማቅረብ ውል አገኘች። ያንን ሰላም ያመጣው መንግሥት ስዊፍት በብዕሩ ያገለገለው መንግሥት ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው።

አሁን ወደ ያሁዎች። ክፍል 4፣ ምዕራፍ 2 ላይ ጉሊቨር ያሁውን ከራሱ ጋር አቁሞ ያያል፤ ፊቱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ ከንፈሩ ትልቅ። ከዚያ ይህ ልዩነት በአረመኔ ሕዝቦች ሁሉ ዘንድ የተለመደ ነው ይልና ምክንያቱን ያስረዳል፦ ሕፃናቱ መሬት ላይ ይድሃሉ፤ እናቶቻቸውም ያዝሏቸዋል፤ ፊታቸው ትከሻ ላይ እየተጫነ ይበላሻል። ታዝሎ ያደገ አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ቆም ማለት አለበት። እስከዚህ ገጽ ድረስ ከጉሊቨር ጋር ሆኖ ሲያይ የነበረው ሰው፣ በአንድ መስመር ታዛቢ መሆኑ ቀርቶ የሚታዘቡት ሆነ። ይህ ምጸት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጉሊቨር የስዊፍት መሣለቂያ ቢሆንም፣ የእናቲቱ ጀርባ የተጠራው እንደ ታወቀ ማስረጃ ነው።

የፈረሶቹ አገር ለእኛ አንባቢ በተለይ ያታልላል። አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እያለ ጀግናውን በፈረሱ ስም ለሚጠራ ሕዝብ የፈረስ ክብር አዲስ አይደለም። ሁይንም የሚባሉት እነዚህ ፈረሶች አይዋሹም፤ ለውሸት ቃል እንኳ የላቸውም። ግን ምዕራፍ 6ን አንብቡ፦ ነጩ፣ ቀዩና ብረትማው ግራጫ ፈረስ ከዳማው፣ ከጠቃጠቆ ግራጫውና ከጥቁሩ ያነሰ ተፈጥሮ አላቸው ተብሎ ዕድሜ ልካቸውን አገልጋይ ናቸው። ምዕራፍ 9 ላይ ጉባኤው ይቀመጣል፤ የሚከራከሩት ያሁዎች ከምድረ ገጽ ይጥፉ አይጥፉ በሚለው ላይ ነው። አንዱ ማስረጃቸው እንዲህ ይላል፦ ያሁዎች አገሬው ሊሆኑ አይችሉም፣ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጠሉ። ጥላቻው የባዕድነታቸው ማስረጃ ሆነ፤ ባዕድነታቸው ደግሞ የመጥፋታቸው ምክንያት። ይህን አካሄድ ቀስ ብላችሁ አጥኑት፤ ከመጽሐፍ ውጭም ታውቁታላችሁ። ጉሊቨርን ያስጠጋው ፈረስ፣ ጌታዬ የሚለው፣ በበኩሉ ወጣቶቹ ያሁዎች ይኮላሹ የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳቡን ያገኘው ጉሊቨር በአውሮፓ ፈረስ እንደሚኮላሽ ከነገረው ነው።

ንድፈ ሐሳብን እንደ ማኅተም መምታት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ጉሊቨር አገሩ ከገባ በኋላ እንደ ፈረስ ሶምሶማ ይሄዳል፤ ሰው ሲነግረው ደስ ይለዋል። «ሐያሲው ሆሚ ባባ ያለው መኮረጅ፣ ተገዢው ገዢውን መምሰሉ፣ ይኸው» ብሎ ማለፍ ምንም አያስረዳም። የሚያስረዳው ከዚያ ቀደም ያለው ቦታ ነው፦ ሐይቅ ውስጥ መልኩን ሲያይ ተጸይፎ ፊቱን ያዞራል። ፍራንዝ ፋኖን በ1952 «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» ውስጥ የገለጸው ቁስል ይህን ይመስላል፤ የገዢውን ዓይን ተውሶ ራሱን የሚያይ ሰው። እዚህ ቁስሉ የገባው እንግሊዛዊው ውስጥ ነው፤ ንባቡ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢም ይጠንቀቅ። ያሁ ማለት አይሪሽ ነው፣ ሁይንም ማለት እንግሊዝ ነው ብሎ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ኪስ መክተት እዚህ አይሠራም። ያሁው በአንድ ገጽ ተገዢ፣ በሌላው ገጽ ራሱ አውሮፓዊው ነው። ሁለቱን ለመያዝ የሚበጀው ቦታ ምዕራፍ 10 ይመስለኛል። ጉሊቨር እንዲወጣ ተፈርዶበት በስድስት ሳምንት ጀልባ ይሠራል። አካሏን በያሁ ቆዳ ሸፍኖ ራሱ ባዘጋጀው የቃጫ ክር ይሰፋዋል። ሸራዋም የያሁ ቆዳ ነው፤ የሸመገሉት ቆዳ ስለሚወፍርና ስለሚደርቅ ካገኘው ሁሉ የለጋዎቹን መረጠ። ቀዳዳውን በያሁ ሞራ ደፈነ። በዚህ ሁሉ ቃናው የአናጢ ቃና ነው፤ ስፋት፣ ክር፣ መቅዘፊያ፤ አንዲት የሐዘን ቃል የለችም። ያቺው ጀልባ ናት ቅኝ ግዛትን ወደሚኮንነው ምዕራፍ የምታደርሰው።

በዳርቻው ጌታውና ሌሎች ፈረሶች ይሸኙታል። ጉሊቨር ለጌታው ሊሰግድ ሲል ጌታው ሰኮናውን አንሥቶ ያስመው ዘንድ ወደ አፉ አቀረበለት፤ ጉሊቨር ይህን እንደ ታላቅ ክብር ይቆጥረዋል። ጀልባውን አብሮት የሠራው ግን በቀለሙ አገልጋይ የሆነው ቀዩ ፈረስ ነው። ባሕሩ ሲወስደው «ራስህን ጠብቅ፣ ደጉ ያሁ» እያለ ደጋግሞ የሚጣራው እሱ ነው።

አመሰግናለሁ።