ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ሲሄድ

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ማለዳ። አስጋሪዎች ከጀልባ ዓሣ ሲያራግፉ]

ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ ጣና ዳር፣ ነጭ ዓሣን የማያውቅ የለም። አንድ ዓይነት ዓሣ ይመስለናል እንጂ አይደለም። ተመራማሪዎች ባርበስ ከሚሉት ከዚህ ወገን ጣና ውስጥ 17 ያህል ዝርያዎች ተመዝግበዋል። 15ቱ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። ከዚህ ከጠፉ ከዓለም ጠፉ።

[ምስል፦ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ]

ለምን እዚህ ብቻ? ዓባይ ከጣና ወጥቶ የሚወርድበትን ይህን 40 ሜትር ያህል ገደል ከታች የሚመጣ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ኖሩ፣ እየተለያዩም ሄዱ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። የሚገርመው፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው!

[ምስል፦ ግልገል ዓባይ፣ ክረምት፣ ደፍርሶ ጣና ሲገባ]

ጣጣው የሚመጣው ክረምት ሲገባ ነው። ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። እንደ ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላሉ ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። መረቡ ግን የሚጠብቃቸው እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ሆዱን እንቁላል የሞላው ዓሣ ሳይወልድ ይያዛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ገባ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ባርበስ በ75 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ግልገሎቹ ደግሞ በ90 በመቶ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ቁጥር ነው። ግልገል ከሌለ ነገ ምን ይጠመዳል?

አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያው መረብ ነው። ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ጠጠሩን ይቀብረዋል። የወንዙ አሸዋ ለግንባታ ይዛቃል። ግድብ መንገድ ይዘጋል። እምቦጩም አለ።

[ምስል፦ ሰከላ፣ ገበሬዎች እርከን ሲሠሩ]

ምን እየተደረገ ነው? የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ ቆይቷል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ከግልገል ዓባይ ላይኛው በኩል፣ ሰከላና ሜጫ የሚሠራው እርከንም ዓሣውን ይጠቅማል፤ ደለል ያስቀራል። የጎደለው ወንዙ አፍ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ነው።

ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። የጥቂት ወንዞች አፍ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ከመረብ ነጻ ይሁን። አስጋሪው በነዚያ ወራት ወደ ቀረሶ (ቲላፒያ ወደሚባለው ዓሣ) ቢዞር ይሻላል፤ ቀረሶ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ስለሚራባ ወንዝ አይፈልግም። እኛ በላተኞችም ክረምት ላይ ቀረሶ እንዘዝ።