ሳረንስት መሳይዋን እንቁራሪት በቴራሪየም (በመስታወት ሳጥን) ማኖርና ማራባት

[ምስል፦ አረንጓዴ የወረሰው እርጥብ ድንጋይ፣ ከቅርብ]

ይህን ድንጋይ ረጋ ብላችሁ እዩት። በስተግራ ያለው ጉብታ ድንጋይ አይደለም። ዓይን አለው።

ሳረንስት (እርጥብ ድንጋይ የሚያለብሰው አረንጓዴ ተክል) መሳይ እንቁራሪት ናት። ዋና አገሯ ሰሜን ቬትናም ነው። ቆዳዋ በአረንጓዴና በቡናማ እብጠቶች የተሸፈነ ስለሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ከድንጋዩ አትለይም። ስትደነግጥ ደግሞ ጥቅልል ብላ የሞተች ትመስላለች።

[ምስል፦ ቴርሞሜትር]

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ሙቀት ላይ ነው። የሞቃት አገር እንስሳ ናት ብለው ማሞቂያ ይገዙላታል። እሷ ግን የተራራ ጫካ ልጅ ናት፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ለምዳለች። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማታል። 28 ካለፈ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከማሞቂያው በፊት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ፈልጉላት።

ሳጥኑ ውስጥ ሰፋ ያለ ውሃ፣ ከላዩም የዛፍ ቅርፊት ይኑር። በቆዳዋ ውሃ ስለምትስብ ክሎሪን ያለበት ውሃ ይጎዳታል። እጃችሁ ላይ የቀረ ሳሙናም እንደዚያው። ምግቧ ካልሲየም የተነሰነሰበት ፌንጣና በረሮ ነው፤ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች ማታ ማታ ስጧት። ስትገዙ ከዱር የተያዘችውን ትታችሁ በሰው እጅ የተራባችውን ምረጡ። የዱሯ ጥገኛ ትላትል ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ጫካውም ቢሆን ይራቆታል።

[ምስል፦ መስታወት ላይ የተለጠፈ እንቁላል]

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ወንዱ ማታ ፉጨት በሚመስል ድምፅ ይጣራል። ሴቷ፣ ከእሱ ተለቅ የምትለው፣ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ አትጥልም። ከውሃው በላይ፣ ቅርፊት ወይም መስታወት ላይ ትለጥፈዋለች። መስታወቱ ላይ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ዝልግልጉን አልፋችሁ ጽንሱ ሲወራጭ በዓይናችሁ ታያላችሁ! አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እጭ፣ ማለትም ባለጭራው ግልገል፣ ተላቆ ውሃው ውስጥ ጠብ ይላል። እስከዚያው ውሃውን ከፍ አታድርጉት፤ እንቁላሉ ከሰመጠ ሊበላሽ ይችላል።

እጮቹ ወራት ይፈጃሉ፤ አትቸኩሉ። የፊት እግር ሲያወጡ ግን ውሃውን ቀንሱና መወጣጫ ቅርፊት አስገቡ። በሳንባቸው መተንፈስ ስለሚጀምሩ መውጫ ካጡ ይሰምጣሉ። ጭራቸው እስኪጠፋ አይበሉም፤ ከዚያ በኋላ ትንንሽ ፌንጣ ስጧቸው። መጀመሪያ ቡናማ ሆነው ብታዩአቸው አትደንግጡ፤ አረንጓዴው እያደጉ ሲሄዱ ነው የሚመጣው።