ባይቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናየው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ መልካቸው የሚለወጥባቸውን ባለ ጭረት ፊደላት ነው። ስሙን ከላይዋ ጭረት ባለባት የፈረንሳይኛ ኢ ያስመዘገበ ሰው ገጹን ሲከፍት፣ በእሷ ቦታ ሞገድ የደፋች ትልቅ ኤ እና የቅጂ መብት ምልክት ጎን ለጎን ቆመው ያገኛል።

እስቲ 03/04 የሚል ማስታወሻ አስቡ። ጸሐፊው ቀን ስለሚያስቀድም ኤፕሪል 3 ማለቱ ነው፤ አንባቢው ግን ወር ማስቀደም ስለለመደ ማርች 4 ብሎ ያነበዋል። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ወረቀቱም አልተቀደደም፤ የጎደለው ስምምነት ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ያንን የተሳሳተ ንባብ «ማርች 4» ብሎ በፊደል ቢገለብጠው ግን ስህተቱ መዝገብ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጽሑፉ ያልገባው ደግሞ ፍቆ የጥያቄ ምልክት ቢያስቀምጥበት፣ ቀኑን ከማን እንጠይቃለን? ይህን ምሳሌ የምወደው ሦስቱንም የብልሽት ዓይነቶች (የተሳሳተ ንባብ፣ ሁለት ጊዜ መቀየር፣ በጥያቄ ምልክት መተካት) ስለሚይዝልኝ ነው።

ባይት ምን እንደሆነ ባለፈው ቪዲዮ ስላየን (ያላያችሁት ቻናሉ ላይ ታገኙታላችሁ) በፍጥነት ልለፍ፦ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የሚይዝ የኮምፒውተር ማከማቻ ነው። ላቲን-1 እና ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሁለት ስልቶች ናቸው። ፊደሏ በላቲን-1 አንድ ባይት፣ 233 ናት፤ በዩቲኤፍ-8 ግን ሁለት፣ 195 እና 169። እነዚህን ሁለቱን እንደ ላቲን-1 ለየብቻ ስታነቧቸው ነው ያቺ ኤ እና የቅጂ መብት ምልክቱ የሚወጡት። ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ፣ በዩቲኤፍ-8 ሠንጠረዥ ውስጥ፣ እሷን ብቻ የያዘውን መስክ ባይት በሚቆጥረው ሌንግዝ ስትለኩ 2 ካያችሁ ጤነኛ ናት፣ 4 ካያችሁ ሁለት ጊዜ ተቀይራለች። የባይቱን ዋጋ የሚያሳየው ሄክስ 3ኤፍ ካወጣ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ራሱ ነው፤ ያኔ ያላችሁ ተስፋ ባክአፕ ብቻ ነው።

«ሠንጠረዡን ኮንቨርት በሚባለው የመቀየሪያ ትእዛዝ ቀይረን እንገላገል» የምትሉኝ ተመልካቾች አላችሁ። እባካችሁ ቆዩ! የሠንጠረዡ ምልክት (በየትኛው ስልት እንደተጻፈ የሚናገረው) ላቲን-1 እያለ ውስጡ የዩቲኤፍ-8 ባይት ከሆነ፣ ትእዛዙ ምልክቱን አምኖ እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ ስለሚተረጉም ሁለቱ ባይት አራት ይሆናሉ፤ ማስታወሻውን በፊደል የገለበጠው ሰው ያደረገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቅጂ ከያዛችሁ በኋላ መስኩን መጀመሪያ ብሎብ (ጥሬ ባይት ብቻ የሚይዝ የመስክ ዓይነት) አድርጉት፤ ብሎብ የፊደል ስልት ስለሌለው ባይቶቹን አይነካም። ከዚያ በዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 ወደ ቴክስት (የጽሑፍ መስክ) መልሱት። በማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ-8 ብቻ የሚለው አሮጌ ስም እስከ ሦስት ባይት ብቻ ስለሚይዝ (ማን እንዲህ እንደሰየመው ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር) ባለ አራት ባይቱ ኤምቢ-4 በ2010 ተጨምሯል።

በመጨረሻ የፕሮግራማችሁን ግንኙነት በሴት ኔምስ (ግንኙነቱ የሚጠቀምበትን የፊደል ስልት በሚወስነው ትእዛዝ) ከዚሁ ጋር አስማሙ፤ ካልሆነ ትናንት የጠገናችሁት ሠንጠረዥ ዛሬ በሚገባው የመጀመሪያ ስም እንደገና ይበላሻል።