820 ሰው በአንድ መርከብ፦ የት ይተኛል? ምን ይገድለዋል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮዎቹ የብሪታኒያ የሸራ የጦር መርከቦች አውርተን ነበር። ከዚያ በኋላ ስልካችን አላረፈም። የባሕር ታሪክ ባለሙያው እንግዳችን ከመለሷቸው ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ «ቪክቶሪ» በተባለችው የብሪታኒያ የጦር መርከብ ላይ 820 ያህል ሰው ነበር ብላችኋል። ይህ ሁሉ ሰው የት ይተኛል?

ተንጠልጥሎ ነዋ! ቀልዴን አይደለም። መርከበኛው የሚያድረው ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ በሚታሰር የሸራ አልጋ ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፋት 14 ኢንች ነበር፤ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ትከሻ እንኳ አያስገባም። ዘዴው ግን ፈረቃው ላይ ነው። ባሕር ላይ ግማሹ ሲተኛ ግማሹ ሥራ ላይ ነው። የሁለቱ ፈረቃ አልጋዎች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ስለሚሰቀሉ፣ የተኛው ሰው ግራና ቀኙ ባዶ ይሆንለታል። የሚብሰው ወደብ ላይ ነው። እዚያ አብዛኛው ሰው በአንድ ሌሊት ይተኛል።

ጠዋት አልጋው ተጠቅልሎ ላይኛው ወለል ዳርና ዳር ይደረደራል። በውጊያ ጊዜ የጠመንጃ ጥይት ይከላከላል። በተለቀቀው ቦታ፣ በመድፎቹ መሃል፣ ጠረጴዛ ይዘረጋና ስምንት ያህል ሰው አብሮ ይበላል። መርከበኛው የማዕድ ጓደኞቹን የሚመርጠው ራሱ ነው። ካልተስማሙ ወደ ሌላ ማዕድ ይዛወራል። እኔ ይህችን ነፃነት አልንቃትም፤ አለቃህንና ሥራህን መምረጥ በማትችልበት ቦታ ትልቅ ነገር ናት።

ከሐዋሳ፦ ሸራ ለመጎተት ይህ ሁሉ ሰው ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ሰው የሚበላው መድፉ ነው። «ቪክቶሪ» 104 መድፎች ነበሯት። ከታች ያሉት ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው ሦስት ቶን ሊሞሉ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። አንዱን ለማጉረስ፣ ለመግፋትና ለማነጣጠር ሰባት ያህል ሰው ይፈልጋል። የንግድ መርከብ ባለቤት ግን ደሞዙን ከኪሱ ስለሚከፍል በጥቂት ሰው ይጓዝ ነበር።

በጽሑፍ የደረሰን፦ ይቅርታ አድርጉልኝና... ሽንት ቤትስ?

ይቅርታ አያስፈልገውም፣ ሁሌ የምጠየቀው ነው። የመርከቧ አፍንጫ ላይ ቀዳዳ ያላቸው መቀመጫዎች አሉ፤ ቀጥታ ወደ ባሕር። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚመጣ ሽታውን ወደፊት ይወስደዋል። በማዕበል ሌሊት ማን ደፍሮ እዚያ ይወጣል የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጎንደር ያለች ነርስ፦ እንዲህ የታጨቀ ቦታ ተስቦ አይጠፋውም። እውነት ነው?

ልክ ነሽ እህቴ። ዋናው ገዳይ እሱ ነበር። በግዳጅ ታፍሶ ወይም ከእስር ቤት ወጥቶ የሚመጣው ምልምል በልብሱ ቅማል ይዞ ይገባል። ከዚያ በኋላ 36 ሳንቲ ሜትሩ ሥራውን ይሠራል። በሰባቱ ዓመታት ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1756–1763) በብሪታኒያ ባሕር ኃይል ካገለገሉት 185,000 ያህል ሰዎች በውጊያ የሞቱት 1,500 ገደማ ብቻ ናቸው። በበሽታ የሞቱትና የከዱት ተደምረው ከ133,000 በላይ ነበሩ። በኋላ አዲስ ምልምልን ማጠብና ልብሱን መቀየር ሲለመድ ነገሩ ተሻሻለ።

ስከርቪን ግን ከዚህ ጋር አትደባልቁብኝ። እሱ የቫይታሚን ሲ እጥረት እንጂ የመጨናነቅ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1795 ጀምሮ የሎሚ ጭማቂ መታደል ሲጀምር እየጠፋ ሄደ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ የባሪያ መርከቦችም እንዲህ ነበሩ?

ቁጥሩን ብቻ ካየህ ትሳሳታለህ። እ.ኤ.አ. በ1788 የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች «ብሩክስ» የተባለችውን የሊቨርፑል መርከብ ንድፍ አሳተሙ። ለአንድ ወንድ የተመደበለት ስፋት 16 ኢንች ነው። ከመርከበኛው በሁለት ኢንች ይበልጣል! ግን መርከበኛው ፈረቃ አለው፤ ይነሳል፣ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፣ ጎኑ ያለው አልጋም ባዶ ነው። ያኛው በሰንሰለት ታስሮ እንጨት ላይ ይጋደማል፤ ጎረቤቱም የትም አይሄድም። ደግሞ ንድፉ የሚያሳየው የዚያ ዓመት ሕግ የፈቀደውን 454 ሰው ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ይህችው መርከብ በአንድ ጉዞ ከ600 በላይ ጭናለች።