ኪራዩን የከፈለው ማን ነው?

(በድሬዳዋ በተካሄደው የውይይት ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከከዚራም ከመጋላም ከሳቢያንም በዚህ ሙቀት ተነሥታችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በውጭ አገር ሆናችሁ በስልክ የምታዳምጡን ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀ መንበራችን 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። የሒሳብ ሪፖርት እንዳነብ ነው። አላነበውም። ኦዲተሮቹ የመረመሩት ወረቀት በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ስለ ሕገ መንግሥት እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከር ሰው ሁለት ገጽ ሒሳብ አያቅተውም። አንድ መስመር ብቻ ላንሣ። በመዝገባችን ላይ 412 አባል አለ። ባለፈው ወር የወር መዋጮውን 50 ብር የከፈለው 97 ነው።

አንዳንዶቻችሁ ወደ መሬት ስታዩ ተመለከትሁ። ቀና በሉ፣ ስም አልጠራም። ስም መጥራት ብፈልግ 20 ደቂቃ አይበቃኝም።

ስንጀምር ሰባት ነበርን፤ ታስታውሳላችሁ። ከዚራ ዛፍ ሥር፣ ከተማው በቀትር ሲተኛ እኛ ሻይ ይዘን እንጨቃጨቅ ነበር። ገንዘብ የምንሰበስበው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ክዳኗን በቢላዋ ሰንጥቄ ቀዳዳ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የአውራ ጣቴ ጠባሳ እስካሁን አለ። ጣሳዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። የወረቀት ብር ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤ ሳንቲም ግን ይናገራል። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ተራው ሲደርስ እጁን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ፣ በጣቱ ቀለበት ጣሳዋን ቀጭ አድርጎ መትቶ ያሳልፋት ነበር። አንድ ወር ሙሉ ከፋይ መስሎን ቆየ። የያዝነው ሒሳቡ አልገጥም ሲል አይደለም። ቀለበቱን ለጥገና የሰጠ ቀን ነው! ጣሳዋ ዝም ብላ አለፈች፣ ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። እርሱ ዛሬም እዚህ አለ፤ እየሳቀ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በየወሩ ከሁላችንም ቀድሞ የሚከፍል እርሱ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ክፍያውን ወደ ቴሌብር ያዞርነው ሥራ ይቀልላል ብለን ነበር። ቀለለ። ላለመክፈልም ቀለለ። ጣሳዋ ስትዞር አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ያይሃል። ስልክ ዓይን የለውም። ሰው ክፉ ሆኖ አልቀረም፤ የሚያየው ስለሌለ «ነገ እልካለሁ» ይላል፤ ነገው ደግሞ ወር ይሆናል፣ ወሩ ውዝፍ ይሆናል፣ ውዝፉ ሲበዛ ከማኅበሩም ከእኔም መሸሽ ይጀምራል። ቀፊራ ገበያ መሐል እኔን ሲያይ ቲማቲም መምረጥ የሚጀምር አባል አለን። ቲማቲም አይገዛም። እያወቅሁ አልፈዋለሁ።

ከዚያ በዛንና ወደ ኢንተርኔት ወጣን። አዲስ አበባ የሄዱት ልጆቻችን፣ ጅቡቲ ያሉት፣ ባሕር ማዶ ያሉት ሁሉ ይግቡ አልን። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ስብሰባውን ይዘጋል። የከተማችንን ሥልጣን 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች ስለሚያካፍለው ስለ 40-40-20 የተወያየንበትን ሌሊት አትረሱትም፤ የመጀመሪያውን 40 ተከራክረን ሳንጨርስ የዙም 40 አለቀ። ስለዚህ መክፈል ጀመርን፤ ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እኛ አንድ ሰዓት እንኳ አልጨመርንም፤ የዶላሩ ወጪያችን ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። የአዳራሹም ኪራይ ተከትሎ ወጣ። መዋጮው 50 ብር ላይ ቀረ። ለምን ቢባል፣ ጨምሩ ለማለት አፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ወደ መጣሁበት ነገር የምገባው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የከተማችን ነጋዴ ውይይታችንን መከታተል ጀመሩ። ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ አይናገሩም። አንድ ቀን ኮሚቴውን ምሳ ጋበዙን። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከዚያ ትኩስ መጠጣችን ሆጃ መጣ። ከሆጃው በኋላ «ለመሆኑ የዓመት ወጪያችሁ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ይኸው ነው?» ብለው ሳቁ። በሳቁ ውስጥ ንቀት አልነበረም። እኔ ሌሊት እንቅልፍ የማጣበት ገንዘብ ለእሳቸው የአንድ ጭነት ማውረጃ ነው። በነጋታው የዓመቱን ከፈሉ። ስሜ ይጠራ አላሉም፣ ባነር ይሰቀልልኝ አላሉም፣ ይህን አንሡ ያንን ተዉ አላሉም። ምንም አልጠየቁም። ይህን ያዙልኝ፤ ምንም አልጠየቁም።

ደስ አለን። እኔማ እልል ለማለት ምን ቀረኝ።

በሁለት ወር ውስጥ ከ200 በላይ የነበረው ከፋይ ከመቶ በታች ወረደ። አንዱን ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ባለሀብት አግኝተናል አይደል?» አለኝ። ሌላዋ «የእኔ 50 ብር ምን ትጨምራለች?» አለችኝ። ልክ ናት፤ በዚያን ጊዜ ምንም አትጨምርም ነበር። እንደ እኔ ግን 50 ብሯ ብቻዋን አልሄደችም፤ ሴትየዋ ራሷ ከስብሰባው ቀረች። ያልከፈለችበትን ነገር የእኔ ነው ማለት አቆመች።

የባሰው ቀጥሎ ነው። ሐምሌ መጣ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በዚያች ሌሊት የሆነውን ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ከደጋው የወረደው ውሃ የከተማችንን ወንዝ ደቻቱን ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው ያልቀበረ ጥቂት ነው። ነጋዴው በከፈሉልን ዓመት የሐምሌ ርእሳችን በወንዙ ዳርቻ የሚሠራው ግንባታ ነበር። ማን ይሠራል፣ ማን ይፈቅዳል፣ ውሃው ተመልሶ ቢመጣ ወዴት ይሄዳል። ጥናት አቅራቢው ተዘጋጅቷል፣ ማስታወቂያው ተጽፏል።

የሰውየው መጋዘን ደቻቱ ዳር ነው።

ማንም አልደወለልኝም። ማንም አላስፈራራኝም። እሳቸው ከከተማ ውጭ ነበሩ። ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ማስታወቂያውን አየሁት፣ ባንክ ደብተሩን አየሁት፤ ጠዋት ለሊቀ መንበሩ ደውዬ «ለመስከረም ብናስተላልፈው ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው። ተላለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በጊዜ ጥበት ምክንያት» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ጎረቤቴን የወሰደ ወንዝ ነው። ለእርሱ ጊዜ ጠበበኝ!

ስንት ዓመት «ሳንሱር» እያልን ስንጮህ ኖረናል? መቀስ የያዘውን ሰው ከውጭ ስንፈልግ፣ መቀሱ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

መስከረም ላይ ሰውየውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ «ያ የወንዙ ውይይት ለምን ቀረ?» አሉኝ። «እኔ እኮ መጥቼ ልናገር ነበር። ቦታውን የሸጠልኝ ማን እንደሆነ፣ ፈቃዱን የሰጠኝ ማን እንደሆነ ልናገር ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምን ልበላቸው? የገዙን እሳቸው አይደሉም። ዋጋችሁ ስንት ነው ሳንባል ራሳችንን የሸጥን እኛ ነን።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። «ይህችን ከተማ የወለደው ባቡር ነው» ሲባል «ባቡር ብቻ አይደለም፣ የባቡሩ ዕዳም ነው» ይል ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ኩባንያው ኪሱ ተራቁቶ ነበር። ከዚያ በፊት በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማ ደርሶለታል፤ ከድጎማው ጋር ግን አዛዥነቱ ወደ ፓሪስ ሄደ። ዐፄ ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በሌላ መንግሥት እጅ መግባቱን ሲያዩ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ያዙት። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አሥራ አራት ዓመት! «የማን ገንዘብ ነው?» የሚለው ጥያቄ ባቡር ሲያቆም ያየች ከተማ ናት ይህች። የእኛን ትንሽ ማኅበር አያቆማትም ብሎ የሚያስብ ካለ ለገሃር፣ እዚሁ ባቡር ጣቢያችን ሄዶ ሕንፃውን ይጠይቀው።

ቅርቡንም እናንሣ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከለከለ። ክፉ አዋጅ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲሻር ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ። ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ያን ሁሉ ዓመት ለእኛ ሲጮህ ኖሮ የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ፣ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ሲዘጋ፣ እኛ የት ነበርን? «ያሳዝናል» አልን። ያሳዝናል የሚለውን ሰው ሁሉ በየወሩ አሥር አሥር ብር ብናስከፍለው ኖሮ አንድም ቢሮ ባልተዘጋ። አዋጁን ያወጡትን ስወቅስ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አጨብጭባችሁ ለማለፍ ከተዘጋጃችሁ ግን ተዉት፣ ይህኛው የሚነካው እኛን ነው።

በሌላ ከተማ ቢሆን እኔም ይህን ያህል አልጮህም ነበር። በዚህ አዳራሽ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አብሮ ተቀምጧል። በዚህ ከተማ አንድ ሰው ስለ ከተማዋ ዕጣ አፉን ሲከፍት አድማጩ መጀመሪያ የሚያሰላው የተናገረውን አይደለም፤ «ማን ላከው?» ነው። «ድሬ የፍቅር አገር» እያልን የምንዘፍነው እኛው ነን፣ በጓሮ «ማን ከፈለው?» የምንባባለውም እኛው ነን። ለዚያ ሐሜት ያለን መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ደረሰኝ። የአንዱ ወገን ባለሀብት ኪራዩን የከፈለ ዕለት የሌላው ወገን ሰው ወንበሩን ይለቃል፤ ሳይቆጣ፣ ሳይናገር፣ ቀስ ብሎ። 300 ሰው 50 ብር ሲያወጣ ግን ማንም ማንንም አልላከም። ሁላችንም በገዛ ገንዘባችን ተጣላን። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው፤ በገዛ ገንዘባችን እንጣላ!

«ኑሮ ተወደደ» የምትሉኝን እሰማለሁ። እውነት ነው፤ እኔም ገበያ እወጣለሁ። የሌለው ይንገረኝ፣ በጓዳ በምሥጢር አልፈዋለሁ፤ ወንበር በመደርደር የሚከፍሉ አሉን፣ ከማንም አያንሱም። እኔ የምናገረው ስለሌለው አይደለም። ለአንድ ከሰዓት በርጫ ከዓመት መዋጮው በላይ አውጥቶ፣ ምርቃናው ሲመጣ «ይህ ማኅበር መጠናከር አለበት» ብሎ ስለሚፈርድብኝ ሰው ነው። እርሱ ያውቀዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከባሕር ማዶ አንድ ወንድማችን «እናንተ ተወያዩ፣ እኛ እንከፍላለን» ብሎ ጽፎልኛል። ልቡን እግዚአብሔር ይባርከው። አልቀበለውም፤ ምክንያቱን ከደቻቱ ታሪክ አግኝቶታል ብዬ አምናለሁ።

የቀረውን በፍጥነት ልበል፤ ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። መዋጮው ከመጪው ወር ጀምሮ 80 ብር እንዲሆን፣ ለተማሪ 10 ብር። ከማንም ሰው፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም፣ ከዓመታዊ ወጪያችን ከአሥር አንድ እጅ በላይ እንዳንቀበል፤ ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ይግባ። የነጋዴውን ቀሪ ገንዘብ የሚመለስበትን መንገድ ኮሚቴው ከእሳቸው ጋር ይነጋገር። ሦስቱም ዛሬ ድምፅ ይሰጥባቸው።

የወንዙ ውይይት በዚህ ሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜ ይካሄዳል። ለነጋዴው የጥሪ ወረቀቱን በእጄ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እንዲናገሩም እጠይቃቸዋለሁ። የዚያን ቀን የአዳራሹ ኪራይ ገና አልተከፈለም። ጣሳዋን ከቤት ፈልጌ ይዣት መጥቻለሁ፤ ዝጋለች እንጂ ቀዳዳዋ ደህና ነው። ስትወጡ በሩ ላይ ታገኟታላችሁ። የሚጠብቃት ባለ ቀለበቱ ወንድማችን ነው፤ እርሱን ማታለል የሚችል ሰው እስካሁን አላገኘሁም።