ደላላው ለምን ያሸንፈናል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ሐሳብ አለ። ገበሬውና ሸማቹ በኅብረት ሥራ ተደራጅተው የአካባቢውን ምርት የሚሰበስብና የሚያከፋፍል ማዕከል ያቋቁሙ የሚል ነው።

ሐሳቡን እወደዋለሁ። ወሬው ግን ከሁለት ነገር አያልፍም። አንዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው። ሌላው «ደላላው ከመሀል ይውጣ» ነው። የአይሱዙውን ናፍጣ ማን ይሞላል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቆይ እስቲ፣ ደላላው ምን ይሠራል? ድንች ሲደርስ ማለዳ ደሴ አጠገብ ባለችው ኩታበር ማሳው ዳር ይገኛል። የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ሰምቷል። መኪናውንም ጫኙንም እሱ ያመጣል። ከሁሉም በላይ ግን ብሩን እዚያው ይቆጥራል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጅ ደብተር አለበት። ማኅበሩ «ተሽጦ ሲያልቅ እንከፍልሃለን» ካለው፣ አባል ቢሆንም ድንቹን ለደላላው ይሰጣል። እኔም ብሆን እሰጣለሁ።

ስለዚህ ከመጋዘኑ በፊት የመግዣ ገንዘብ ይቅደም ባይ ነኝ። ሕጉ እንደሆነ አልጎደለም። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ከመሠረታዊ ማኅበር እስከ ዩኒየንና ፌዴሬሽን መንገዱን ከፍቷል። አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ። የጎደለው በርክክቡ ዕለት የሚከፈል ብር ነው። ከዕጣ፣ ማለትም አባላት ከሚያዋጡት ድርሻ፣ እና ከብድር ተሰብስቦ፣ ለሌላ ወጪ የማይነካ ሒሳብ መሆን አለበት። ለኮሚቴ አበልም ቢሆን!

ቦታውስ የት ይሁን? እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ፉክክር ይነሣል፤ ታውቁታላችሁ። እኔ ሁለቱም ይሁን እላለሁ። ለማስታረቅ ብዬ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷን ማንም አይክዳትም። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ድንች ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይወዳል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ መራራ ይሆናል፣ ለጤናም አይበጅም። ሽንኩርት ደግሞ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ክፍል ማጎር ለሁለቱም ጥፋት ነው። የኩታበር ድንች ደሴ ይቀመጥ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ያለ ኪራይ ያቀዝቅዝልን። በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለው የቃሉ ወረዳ ሽንኩርት ኮምቦልቻ ይከማች። የባቲና የአዲስ አበባ መንገድ የሚገናኘውም እዚያው ነው። ሁለት ቤት፣ አንድ መዝገብ።

ሌላ ነገር። የወሎን ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁለት ጾም ይቆጥራል። በዓቢይ ጾም ድንቹና ምስሩ ይፈለጋል። በረመዳን ደግሞ የሳምቡሳው ምስርና ሽንኩርት አመሻሽ ላይ ይጠፋል። በ2017 ሁለቱ ጾሞች ተከታትለው ገቡ። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ፣ ያለፈው ዓመት መዝገብ ለዘንድሮ አይሠራም። ማዕከሉ ይህንን አስልቶ ለገበሬው ከዘር ወቅት በፊት ካልነገረው፣ ከጫኝና አውራጅነት አያልፍም።

ገዢውን ካነሣን፣ እኔ ብሆን ከችርቻሮ አልጀምርም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ተማሪ በየቀኑ ይበላል። ሆስፒታል አለ፣ ሆቴል አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ አለ። እነዚህ መጠኑ የታወቀ ምርት ይፈልጋሉ። ችግሩ የመንግሥት ግዢ በጨረታ ነው፣ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። ያኔ ገበሬውን በርክክቡ ዕለት የሚከፍለው ያ ያልተነካ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ከሌለ ጨረታውን ማሸነፍ ራሱ ማኅበሩን ያከስረዋል።

በሚቀጥለው ክፍል አንድ ዕጣ ስንት ብር ይሁን በሚለው እመለሳለሁ። ኩታበር ወይም ቃሉ ያላችሁ፣ ድንችና ሽንኩርት የምታመርቱ፣ ስንት ብትባሉ ታዋጣላችሁ? በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ሰላም ሁኑ።